ምጣዱ ሳይሟሽ አይጋገርበትም፦ ለባዮሎጂ የሚሆን ጥቃቅን መሣሪያ ሲሠራ ቁሱንና ገጹን እንዴት እንምረጥ

አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝቶ በዚያው ቀን እንጀራ የሚያወጣበት የለም። መጀመሪያ ይሟሻል፦ በእሳት እየጋለ፣ በጎመን ዘር እየታሸ፣ ገጹ ጠቁሮ እስኪለሰልስ ድረስ። ከተሟሸ በኋላም በየእንጀራው መካከል ማሰሻ አንስቶ አሰስ ማድረግ አለ። ሸክላው ያው ሸክላ ነው። የተለወጠው ሊጡ የሚነካው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ እንጀራው ዓይን አውጥቶ መነሳቱም ሆነ ተቦጫጭቆ መቅረቱ ግን የሚወሰነው እዚያች ሽፋን ላይ ነው።

የማይክሮፍሉይዲክስ ቺፕ (ፈሳሽ በጣም በቀጠኑ ቦዮች የሚሄድበት)፣ ባዮሴንሰር (ሕይወታዊ ሞለኪውል የሚለይ መሣሪያ) ወይም ሴል የሚያድግባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች የሚሠራ ሰውም ሥራው ይኸው ነው። ምክር የሚጠይቁኝ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት «ቦዩን ስንት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ድረስ ማጥበብ ይቻላል?» ብለው ነው። እኔ በበኩሌ ሦስት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ገጹን የሚነካው ምንድን ነው፦ ውኃ፣ ሽንት፣ ደም ወይስ ሕያው ሴል? ለስንት ጊዜ ይነካዋል፦ ለአምስት ደቂቃ ወይስ ለሦስት ሳምንት? ስንት ቅጂ ትፈልጋላችሁ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን አሥር ወይስ ለጤና ጣቢያ የሚላክ አሥር ሺህ? እነዚህ ከተመለሱ የማምረቻው ዘዴ ብዙም አያከራክርም።

ገጹ ይህን ያህል ለምን እንደሚያሳስበኝ አንድ ሙከራ ልጥቀስ። በ1997 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሃርቫርድ ተመራማሪዎቹ እነ ጆርጅ ኋይትሳይድስና ዶናልድ ኢንግበር ያሉበት ቡድን በወርቅ ገጽ ላይ ሴል የሚይዝ ፕሮቲን በጥቃቅን ደሴቶች መልክ አተመ፤ በደሴቶቹ መካከል ያለውን ቦታ ደግሞ ምንም ነገር እንዳይለጠፍበት አደረገ። ከዚያ የደም ሥር ግድግዳ ሴሎችን ዘራበት። ትልቅ ደሴት ያገኙት ሴሎች ተዘርግተው ኖሩ፣ ተባዙ። ትንሽ ደሴት ላይ ያረፉት ተኮማትረው በራሳቸው ጊዜ ሞቱ። ምግቡ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ፣ የሴሉ ዘር አንድ ነበር። ከእግራቸው በታች የተሰጣቸው ቦታ ብቻ ይለያያል። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ገጹን መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ማስጌጫ አድርጌ ማየት አልቻልኩም።

ፒዲኤምኤስ፦ ሁሉም የሚጀምርበት ጎማ

ፒዲኤምኤስ የሲሊኮን ጎማ ነው። በሰፊው የሚሸጠው ሲልጋርድ 184 ሁለት ፈሳሽ ሆኖ ይመጣል። በ10 ለ 1 ይመዘናል፣ በደንብ ይማሰላል፣ በማማሰል የገባው አረፋ በቫኩም ይወጣል፣ ከዚያ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) ላይ ይፈሳል። በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቆይ ይረጋል። መብራት ከጠፋ አትደንግጡ፤ በክፍል ሙቀትም በ48 ሰዓት ገደማ ይረጋል። ተላጦ ሲወጣ የሞልዱን ቅርጽ ገልብጦ ይዞ ይመጣል፤ ሞልዱም ብዙ ጊዜ ያገለግላል።

ሞልዱ የሚሠራው ሱ-8 በሚባል ብርሃን ሲነካው በሚጠነክር ሙጫ ነው። ሲሊከን ዌፈር (ስስ ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ ይቀባል፣ በምድጃ ይደርቃል፣ ሥዕል ባለበት ፊልም ተሸፍኖ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል፣ ብርሃን ያልነካው ይታጠባል። በ1998 የኋይትሳይድስ ቤተ ሙከራ ውድ የክሮም ማስክ (ሥዕሉ በክሮም የተቀረጸበት ብርጭቆ) ሳያስፈልግ፣ በጥሩ ማተሚያ በታተመ ግልጽ ፕላስቲክ ፊልም ብቻ ከ20 ማይክሮን በላይ ስፋት ያላቸው ቦዮች ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳየ። ዘዴው ዓለምን ያዳረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሱ-8 የሚቀባበት ክፍል የፀሐይ ብርሃን ሊገባበት አይገባም፤ መስኮቱንና አምፖሉን በቢጫ ፊልም መሸፈን ግድ ነው። የመስኮት ፀሐይ ማስኩ ከመቀመጡ በፊት ሙጫውን ያጠነክረዋል።

የፒዲኤምኤስ ትልቁ ጸጋ መለጠጡና መተንፈሱ ነው። ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያሳልፍ ውስጡ ያለ ሴል አይታፈንም። መለጠጡን ተጠቅመው እነ ስቲቨን ኩዌክ በ2000 በአየር ግፊት የሚከፈቱና የሚዘጉ ጥቃቅን ቫልቮች ሠሩ። በ2010 ደግሞ እነ ኢንግበር 10 ማይክሮን ውፍረት ያለው ቀዳዳማ የፒዲኤምኤስ ሽፋን በቫኩም እየሳቡ እንደ ሳንባ የሚተነፍስ ቺፕ አቀረቡ። ብርጭቆም አክሪሊክም ይህን አያደርጉም። መሣሪያችሁ መንቀሳቀስ ወይም መተንፈስ ካለበት ከዚህ ቁስ አትራቁ።

ስለ ድክመቱም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ፒዲኤምኤስ ይጠጣል። ስብ ወዳድ የሆኑ ትናንሽ ሞለኪውሎች፣ ማለትም ብዙ መድኃኒቶችና ሆርሞኖች፣ ግድግዳው ውስጥ ሰርገው ይገባሉ። 10 ማይክሮሞላር መድኃኒት ላኩ እንበል፤ ሴሉ ጋ የሚደርሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ በማግስቱ ደግሞ ግድግዳው የጠጣውን መልሶ ይለቃል። በዚህ ቺፕ የመድኃኒት መጠን ለክቶ «ይህን ያህል ገደለ» ብሎ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው። የውኃ ተንም በጎማው ውስጥ ያልፋል፤ ጥቂት ናኖሊትር ብቻ የሚይዝ ጉድጓድ ውስጥ ያለ የሴል ምግብ በአንድ ሌሊት ጨውነቱ ይጨምራል። ቺፑን እርጥበት ባለው ዕቃ ውስጥ ማቆየት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ያስተማረኝን ነገር ልጨምር። ሙሉ ቀን ከፈጀብኝ ሞልድ ላይ ያፈሰስኩት ፒዲኤምኤስ መሃሉ ሲረጋ ጠርዝ ጠርዙ እንደ ማር ተጣብቆ ቀረ። ሚዛኑን ጠረጠርኩ፣ ምድጃውን ጠረጠርኩ፣ ደግሜ ሠራሁ፣ ያው ሆነ። የተጣበቀውን ቦታ በአጉሊ መነጽር ሳየው የጣት ቅርጽ አለው። ጥፋቱ የጓንቴ ነበር። ፒዲኤምኤስን የሚያረጋው ፕላቲኒየም ነው፤ ላቴክስ ጓንት ውስጥ ያለው ድኝ ደግሞ ፕላቲኒየሙን ይመርዘዋል። ሞልድ የሚነካ እጅ የላቴክስ ጓንት አያድርግ።

ወረቀት፦ ፓምፕ የማይፈልገው

ከሦስቱ ጥያቄዎች መካከል ለሁለተኛው «ለደቂቃዎች»፣ ለሦስተኛው «ለሺዎች» ብላችሁ ከመለሳችሁ ወደ ወረቀት ሂዱ። በ2007 ያው የኋይትሳይድስ ቡድን በማጣሪያ ወረቀት ላይ ውኃ የማያሳልፍ ግድግዳ ሠርቶ፣ 5 ማይክሮሊትር ሰው ሠራሽ ሽንት ብቻ ጠብ አድርጎ ግሉኮስና ፕሮቲን ለየ። ግሉኮስ ሲኖር አንዱ ጫፍ ይቡናማል፤ ፕሮቲን ሲኖር ሌላው ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ፈሳሹን የሚነዳው ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ፣ ያገለገለው በእሳት ይቃጠላል።

ግድግዳውን ለመሥራት ከሁሉም የቀለለው ሰም ነው። በሰም በሚያትም ፕሪንተር ሥዕሉ ይታተማል፣ ከዚያ ወረቀቱ 150 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቆይ ሰሙ ቀልጦ ከላይ እስከ ታች ይሰርጋል። ሰሙ ወደ ታች ብቻ አይሄድም፣ ወደ ጎንም ይስፋፋል። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ቦዩን ሰፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የጠበበ ቦይ አስተማማኝ አይሆንም። ፕሪንተሩን ማግኘት እየከበደ ስለመጣ፣ ለሙከራ ያህል የሰም እርሳስና የጋለ ካውያም ይበቃሉ።

የወረቀት ወሰኑ የት ላይ ነው? ሳሙናነት ያለው ፈሳሽ ወይም አልኮል የሰሙን ግድግዳ ሾልኮ ያልፋል። በሞቃት ቦታ ፈሳሹ ጫፍ ሳይደርስ ይተናል። ቀለም በዓይን ማንበብም ከሰው ሰው ይለያያል፤ በስልክ ካሜራ ስታነቡ አጠገቡ ሁልጊዜ መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ አኑሩ። ሴል ለሳምንት ማሳደግ ወይም አንድ ሴል ለብቻው መያዝ ለወረቀት ሥራ አይሆንም።

በየጤና ጣቢያው የምናየው የወባ መመርመሪያም የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ናይትሮሴሉሎዝ በተባለ ወረቀት መሰል ሽፋን ላይ አንቲቦዲ (አንድን ሞለኪውል ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) በመስመር ተቀብቶ ደርቋል፤ 40 ናኖሜትር (ናኖሜትር የማይክሮን አንድ ሺኛ ነው) ያህል የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች እዚያ ሲከማቹ ቀዩ መስመር ይታያል። አገራችንን የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። በ2021 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ድንበር አካባቢዎች ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን የሚያመርቱበት ጂን የጠፋባቸው የወባ ጥገኞች እየተስፋፉ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ እነሱን አያይም። ወረቀቱ በደንብ ይስባል፣ ወርቁ በደንብ ይቀላል፤ ገጹ ላይ የተቀመጠው አንቲቦዲ የሚይዘው ግን ከጥገኛው ላይ የለም። መሣሪያ ከመንደፋችሁ በፊት የምትይዙት ሞለኪውል በምትሠሩበት አካባቢ በእርግጥ መኖሩን አጣሩ።

አክሪሊክና ባለሁለት ፊት ፕላስተር፦ እጃችን ላይ ያለው

ንጹሕ ክፍል (አየሩ ከአቧራ የተጣራ ክፍል) ለሌለው ቤተ ሙከራ የእኔ የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው። አክሪሊክ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው፤ ሌዘር መቁረጫውም ማስታወቂያ ቤቶች ዘንድ ይገኛል። ሥዕሉን በኮምፒውተር ሠርቶ ለባለ ሌዘሩ ሰጥቶ በአንድ ከሰዓት ቺፕ ይዞ መመለስ ይቻላል። ሌዘሩ የሚቀርጸው ቦይ ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ገደማና ከዚያ በላይ ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፣ ገጹም ሻካራ ነው። ለመቀላቀያ፣ ለማጠቢያ፣ ለኤሊሳ (በአንቲቦዲ ይዞ በቀለም የሚለይ ምርመራ) ዓይነት ሥራ ይህ በቂ ነው።

ከዚህም የቀለለ አለ። ባለሁለት ፊት ፕላስተር በስቲከር መቁረጫ ማሽን ቦይ ተደርጎ ይቆረጥና በሁለት ስላይድ መካከል ይለጠፋል። የቦዩ ከፍታ የፕላስተሩ ውፍረት ነው። 200 ማይክሮን ስፋት ከበቃችሁ፣ ሐሳባችሁ ይሠራ እንደሆነ በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ቀይራችሁ ለማየት ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሌዘር የነካውን አክሪሊክ በአልኮል አትወልውሉ። ሌዘሩ ጠርዙ ላይ ውጥረት ትቶ ስለሚሄድ፣ አልኮል ሲነካው ብርጭቆ ላይ እንደወደቀ ጠጠር በሰከንዶች ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። መጀመሪያ በ80 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት አሙቃችሁ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውጥረቱ ይወጣለታል። ሁለተኛው፣ ፒቪሲ የሆነ ፕላስቲክ ሌዘር ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፤ የሚወጣው የክሎሪን አሲድ ጭስ ሳንባም ማሽንም ይጎዳል።

አክሪሊክ ከፒዲኤምኤስ ያነሰ መድኃኒት ይጠጣል፣ ግን አይተነፍስም። ስለዚህ ሴል ካለበት ምግቡን ሳያቋርጡ ማፍሰስ ወይም በአንድ በኩል አየር የሚያሳልፍ ሽፋን መግጠም ያስፈልጋል።

ሌሎቹን ባጭሩ

ሬዚን የሚያትሙ ባለሦስት ገጽታ ፕሪንተሮች ርካሽ ሆነዋል፤ የብዙዎቹ የስክሪን ነጥብ ከ20 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ሆኖም የተዘጋ ቦይ ስታትሙ ውስጡ ያልደረቀ ሬዚን ይቀራል፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ብዙ ጊዜ ይደፈናል። ሬዚኑ ሴል ይገድላል፣ የፒዲኤምኤስን መርጋትም ያግዳል። ሞልድ ልታደርጉት ከፈለጋችሁ በደንብ አጥባችሁ፣ በአልትራቫዮሌት አጠንክራችሁ፣ በምድጃ አቆይታችሁ ነው። ለማያያዣና ለመያዣ ግን ግሩም ነው።

ብርጭቆ መድኃኒት አይጠጣም፣ ኬሚካል አይፈራም፣ ገጹም በቀላሉ ይሟሻል። ችግሩ መቅረጹ ነው። ብርጭቆ የሚበላው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳ አልፎ አጥንት የሚደርስና ልብ የሚያቆም መርዝ ነው። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገቡ የሌለበት፣ የሠለጠነ ሰው የማይቆምበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ማንም እንዲጀምረው አልመክርም። ብርጭቆ ካስፈለጋችሁ ጠፍጣፋውን ስላይድ እንዳለ ተጠቀሙ፣ ቦዩን በሌላ ቁስ ሥሩ።

ከ100 ናኖሜትር በታች ለሚወርድ ሥራ የኤሌክትሮን ጨረር አለ፤ ነጥብ በነጥብ ስለሚጽፍ ሰፊ ቦታ ለመሙላት እጅግ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ስቲቨን ቾው በ1995 ያስተዋወቀው ናኖኢምፕሪንት ጠንካራ ሞልድን በጋለ ፕላስቲክ ላይ እንደ ማኅተም በመጫን 25 ናኖሜትር የሚደርስ ቅርጽ በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ መጀመሪያ ሞልዱን የሚሠራው ግን ያው የኤሌክትሮን ጨረር ነው። ናኖ ያስፈልገናል ብለው የሚመጡ ብዙ ፕሮጀክቶች በእኔ ግምት የሚያስፈልጋቸው ጥሩ ገጽ ነው። አንቲቦዲው ተገልብጦ ከተለጠፈ ቅርጹን ማሳነስ አያቀናውም።

ማሟሸት ወይስ ማሰስ?

የገጽ አያያዝን በሁለት እከፍላለሁ። አንዳንዱ ከገጹ ጋር በኬሚካል ቦንድ ይተሳሰራል፤ እንደ ማሟሸት ነው፣ አንዴ ተሠርቶ ይሰነብታል። ሌላው ዝም ብሎ ይለጠፋል፤ እንደ ማሰስ ነው፣ ይለቃል፣ ይታደሳል። ማሰስ ሲበቃ ማሟሸት የጊዜ ብክነት ነው። ሦስት ሳምንት በሚቆይ ሥራ ላይ ማሰስ ደግሞ ውሎ አድሮ ያሳፍራል።

የኦክስጅን ፕላዝማን (የደሙን ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኃይል የተነቃቃ ጋዝን) ከሁሉም አስቀድማለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ያልተነካ ፒዲኤምኤስ ውኃ ይጠላል፤ ጠብታ ብታስቀምጡበት ክብ ሆኖ ይቆማል፣ ጠርዙ ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 110 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ፕላዝማ ካየ በኋላ ያው ጠብታ ተዘርግቶ ይጠፋል። ገጹ ላይ የወጡት ሃይድሮክሲል ቡድኖች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች) ሌላ ፒዲኤምኤስ ወይም ብርጭቆ ሲገናኙ ይተሳሰራሉ፤ ሁለቱን እንደወጡ ገጥሞ በ80 ዲግሪ ጠፍጣፋ ምድጃ ላይ አሥር ደቂቃ ማቆየት ነው። «ይበልጥ እንዲጣበቅ» ብሎ አምስት ደቂቃ የሚያስቀምጥ ሰው ተቃራኒውን ያገኛል፤ ገጹ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ሆኖ ይሰነጣጠቃል። የፕላዝማ ማሽን ከሌለ በእጅ የሚያዝ ኮሮና መሣሪያ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያወጣ) ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ አየሩ በደንብ የሚወጣበት ክፍል ብቻ ይፈልጋል፣ ኦዞን ይለቃልና።

ከቦንድ የተሠራ ስለሆነ ፕላዝማ ማሟሸት ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማው ውስጥ ያሉት ያልተሳሰሩ አጫጭር ሰንሰለቶች ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጡ ገጹን መልሰው ውኃ ጠል ያደርጉታል። ከሰዓታት እስከ ቀናት ነው ዕድሜው። ዛሬ በራሱ ጊዜ ውኃ የሳበ ቺፕ አርብ ዕለት ለእንግዳ ሲታይ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ከገጠማችሁ በኋላ ወዲያው ውኃ ሞልታችሁ ብታስቀምጡት ይዘገያል። ለረጅም ጊዜ ከፈለጋችሁት ግን ፕላዝማው ላይ ሌላ ሽፋን መጨመር አለበት።

ያ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ሳይሌን (ሲሊከን ያለበት አያያዥ ሞለኪውል) ነው። አፕቴስ የሚባለው ሳይሌን በአንድ ጫፉ ብርጭቆን ወይም ፕላዝማ ያየ ፒዲኤምኤስን ይይዛል፣ በሌላው ጫፍ አሚን (ናይትሮጅን ያለበት መያዣ) ይሰጣችኋል፤ አሚኑ ላይ ግሉታራልዲሃይድ በሚባል አያያዥ ኬሚካል አማካይነት ፕሮቲን ይታሰራል። ጠላቱ እርጥበት ነው። ጥቂት ውኃ ያስፈልገዋል፣ ሲበዛ ግን እርስ በርሱ ተያይዞ ጉብጉብ ያለ ወፍራም ክምር ይሆናል። ስላይዱ ላይ ወተት የመሰለ ጉም ካያችሁ ተበላሽቷል ማለት ነው። በክረምት የሚሠራ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ ጠርሙሱ ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ ከተከፈተ የአየሩ ጤዛ ውስጡ ይገባል። ትንንሽ ጠርሙስ ግዙ፤ ከተከፈተ ስድስት ወር የቆየን ትልቅ ጠርሙስ አትመኑ።

ወርቅና ታዮል ሌላው ማሟሻ ነው። ራልፍ ኑዞና ዴቪድ አላራ በ1983 ያሳዩት ነገር እስከ ዛሬ የኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር መሠረት ነው፦ ድኝ ያለው ሞለኪውል ወርቅ ላይ በራሱ ተሰልፎ አንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው ምንጣፍ ይሠራል። ንጹሕ ወርቅ፣ በኢታኖል ውስጥ 1 ሚሊሞላር ታዮል፣ አንድ ሌሊት። ዲኤንኤ ለመያዝ ስትፈልጉ ግን አትጠቅጥቁት። እንደ ጤፍ ማሳ ተጠጋግቶ የበቀለ ዲኤንኤ አቻው መጥቶ እንዲጋባው ቦታ አይሰጥም። መርካፕቶሄክሳኖል የተባለ አጭር ታዮል በመካከል ሲገባ የተኛውን ዲኤንኤ ያቆመዋል፣ ክፍተቱንም ይሞላል። ይህ ምንጣፍ በአየርና በብርሃን ከቀናት እስከ ሳምንታት ውስጥ ይበላል፤ ስለዚህ ሴንሰሩን ሠርቶ ስድስት ወር መጋዘን ማስቀመጥ አይሆንም። በብዛት ለሚመረት ነገር በስክሪን (በወንፊት ጨርቅ) የሚታተም ካርቦን ይመረጣል።

ፖሊዶፓሚንን የምወደው መሣሪያ ስለማይጠይቅ ነው። በ2007 እነ ፊሊፕ መሰርስሚዝ ያቀረቡት አሠራር እንዲህ ነው፦ በሊትር 10 ሚሊሞል ትሪስ (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚጠብቅ) ባለበት፣ ፒኤች 8.5 በሆነ ውኃ ውስጥ በሚሊሊትር 2 ሚሊግራም ዶፓሚን ሟሙቶ ዕቃው ይነከርበታል። ፈሳሹ ይቡናማል፣ ይጠቁራል። የተላጠ ሙዝ የሚጠቁረው በዚሁ ነው፤ ሙዝ ውስጥ ብዙ ዶፓሚን አለ፣ አየር ሲያገኝ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። በ24 ሰዓት እስከ 50 ናኖሜትር የሚወፍር ሽፋን በብረት፣ በፕላስቲክ፣ በቴፍሎን ላይ እንኳ ይለጠፋል፣ አንቲቦዲም ይይዛል። ጉድለቱ ጥቁረቱና ጉብጉብነቱ ነው። በፍሎረሰንስ (ብርሃን ሲያርፍበት በሚያበራ ቀለም) የምታነቡ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ያልተፈለገ ፕሮቲን እንዳይለጠፍ ለማሰስ የሚሆኑት ደግሞ ቀላል ናቸው። ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ ፕሮቲን) በ1 በመቶ ለአንድ ሰዓት ለአጭር ምርመራ ይበቃል። ፕሉሮኒክ ኤፍ-127 የሚባለው ፖሊመር ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የሚለጠፈው ውኃ በሚጠላ ገጽ ላይ ነው፤ ፕላዝማ በወጣ ቺፕ ላይ አፍስሰው «አልሠራም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ብርጭቆ ላይ ፖሊላይሲን (ብርጭቆ ላይ የሚለጠፍ ሰንሰለት) ከፔግ (ፕሮቲን ከማይጠጋው ውኃ ወዳድ ሰንሰለት) ጋር የተጣመረው በግማሽ ሰዓት ገደማ ፕሮቲን የማይጠጋበት ገጽ ይሰጣል።

ሥራውን ይዘን ስንመርጥ

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ መለካት የፈለገ ሰው ቢጠይቀኝ ወረቀት እለዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ፍሎራይድ ሲያገኝ ቀለሙን የሚለቅ የዚርኮኒየምና የቀለም ውህድ ሰም በከበበው ክብ ውስጥ ደርቆ ሊቀመጥ ይችላል። የገጹ ጥያቄ እዚህ ቀላል ነው፤ ትኩረቱ በውኃው ውስጥ ያለ አሉሚኒየም ንባቡን እንዳያዛባ ማጣራት ላይ ይሁን።

የካንሰር ሴል ላይ መድኃኒት ለሦስት ቀን የሚሞክር ሰው ፒዲኤምኤስን ይተው። የብርጭቆ ስላይድና ባለሁለት ፊት ፕላስተር ወይም አክሪሊክ ይያዝ፣ ምግቡን ያፍስስ፣ ስላይዱን ሴል የሚይዘውን ፕሮቲን ፋይብሮኔክቲን ያልብሰው። ፒዲኤምኤስን መተው የማይችል ከሆነ ደግሞ የገባውንና የወጣውን መድኃኒት ለክቶ ልዩነቱን በጽሑፉ ላይ ያስፍር።

የሚለጠጥ ቲሹ፣ የሚከፈት ቫልቭ ወይም በቅርጽ የተደረደሩ ነርቮች ለሚፈልግ ሰው ፒዲኤምኤስ ነው፤ ለነርቮቹ ፖሊላይሲንን በፒዲኤምኤስ ማኅተም ስላይድ ላይ አትሞ መሃሉን በፔግ መሙላት። ለዲኤንኤ ሴንሰር ምርምር ወርቅ፣ ለገበያ ካርቦን።

የመረጣችሁት ምንም ይሁን ምን፣ ገንዘብ ሳታወጡ የምታደርጉት አንድ ፈተና አለ። ከእያንዳንዱ ዙር ከአንዱ ቺፕ አጠገብ የተቆረጠ ቁራጭ አስቀሩ። 5 ማይክሮሊትር ውኃ ጠብ አድርጉበት፣ ስልካችሁን ከጎን በጠብታው ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ማዕዘኑን ለኩ፣ ቀኑን ጻፉበት። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ ድገሙት። ጠብታው ከቀን ወደ ቀን እየተነሳ ክብ ወደ መሆን ከሄደ ገጻችሁ እየተመለሰ ነው፤ ሙከራውን ከዚያ ቀን በፊት ጨርሱት ወይም ሌላ ማሟሻ ፈልጉ።